የመጀመሪያዎቹን የትርኢት ጥጃዎች ለማን እንሽጥ?

ጥያቄ፦ ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ በስተምሥራቅ 34 ኤከር መሬት ገዝተን ከባለቤቴ ጋር ከብት ማርባት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። ዘጠኝ ላሞች አሉን፤ ሦስቱ መዝገብ ያላቸው (በዝርያቸው ማኅበር የተመዘገቡ) የሾርትሆርን ዝርያ ናቸው፤ የቀሩት ስድስቱ የሜይን-አንጁ ደም ያለባቸው ጥቋቁር ዲቃላዎች ናቸው። በዝነኛ ኮርማ አባለዘር (የዘር ፈሳሽ) አስዳቅለን በመጋቢትና በሚያዝያ ስምንት ጥጃዎች ተወለዱልን፤ አምስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ጎረቤቶቻችን «ለፎር-ኤች (ለልጆች የእርሻ ክበብ) ልጆች የትርኢት ጥጃ አድርጋችሁ ብትሸጡ ከተራው ገበያ ብዙ እጥፍ ታገኛላችሁ» ይሉናል። ነገር ግን ማንም አያውቀንም፤ ስማችንንም በትክክል የሚጠራው የለም። ድረ ገጽ እናሠራ? በኢንተርኔት ጨረታ እንግባ? ዋጋውንስ እንዴት እንቁረጥ?

መልስ፦ ድረ ገጹን ለጊዜው ይተዉት፤ ጨረታውንም እንዲሁ። ዘንድሮ ሊያስጨንቅዎ የሚገባው ጥጃዎቹ የትኛው ልጅ እጅ እንደሚገቡ ነው። የአዲስ አርቢ ማስታወቂያው በመጪው ዓመት በትርኢት ሜዳ ላይ ልጅ እየመራው የሚገባው ከብት ነው። ከዚያ በፊት የሚለጠፈው ፎቶግራፍና የሚጻፈው ሁሉ ተስፋ ነው፤ ተስፋን ደግሞ በዚህ ንግድ የማይሸጥ የለም።

ስለ «ብዙ እጥፍ» ጥቂት ልበል። በ2022 በሂውስተን የከብት ትርኢትና ሮዲዮ ታላቁን ሽልማት ያገኘው ሰንጋ በጨረታ አንድ ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ወሮቹን ግን ለጆሯችን እንዲቀርቡ በአማርኛ እጠራለሁ፤ መጋቢት ስል ማርች፣ ጥቅምት ስል ኦክቶበር ማለቴ ነው።) እንዲህ ያለ ወሬ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲሻገር ቁጥሩ ብቻ ይቀራል። ገንዘቡ ሰንጋውን ላቀረበው ልጅና ለትርኢቱ የትምህርት ፈንድ የሚውል መሆኑ፣ ተጫራቾቹም ሥጋ ሊገዙ ሳይሆን ልጆችን ሊረዱ የመጡ ባለጸጎች መሆናቸው መንገድ ላይ ይወድቃል። አርቢው ጥጃውን ከሸጠ ብዙ ወር አልፎታል፤ ከዚያ ሚሊዮን ሳንቲም አይደርሰውም። ያንን ቁጥር ይዞ ዕቅድ ማውጣት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎች ሥራው እንዲህ ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ በመከር ወራት ጡት የጣለ ጥጃ ይገዛሉ፤ የብርዱን ወራትና ጸደዩን ይመግቡታል፣ ያጥቡታል፣ ያበጥሩታል፣ በገመድ መመራት ያስለምዱታል፤ በሙቀቱ ወራት በካውንቲያቸው (በወረዳቸው) ትርኢት ዳኛ ፊት ያቀርቡታል። የተኮላሸው ወይፈን፣ ሰንጋ የምንለው፣ ከትርኢቱ በኋላ ተሸጦ ይታረዳል። ጊደር ግን ወደ ቤት ተመልሳ ትወልዳለች። የፎር-ኤች ሥር ራሱ እዚያው እናንተ አጠገብ ነው፤ በ1902 በኦሃዮ ክላርክ ካውንቲ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በተቋቋመ የልጆች የእርሻ ክበብ ተጀመረ። በየትምህርት ቤቱ ያለው የእርሻ ተማሪዎች ማኅበር፣ ኤፍ-ኤፍ-ኤ፣ የመጣው በ1928 ነው። ግዛቲቱ 88 ካውንቲዎች አሏት። አንድ አርቢ በሁለት ሦስቱ ብቻ ቢታወቅ ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል።

አሁን ወደ በረትዎ እንግባ። ከስምንቱ ስንቱ የትርኢት ጥጃ ነው? ሳላያቸው ልገምት፦ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ኮርማው ዝነኛ ቢሆንም የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ ግማሹን የምታዋጣው ላሟ ናት፤ የእርስዎ ላሞች ደግሞ ገና ያልተፈተኑ ናቸው። በዚህ አይዘኑ። የቆዩት አርቢዎችም ከሚወለድላቸው ውስጥ ብዙውን ወደ ተራው ገበያ ይልኩታል፤ እርስዎ የሚያዩት የቀረውን ብቻ ስለሆነ ሁሉም ጥጃቸው የሚያምር ይመስልዎታል።

እንዴት እንደሚለዩአቸው ልንገርዎ። ዝናብ ካባራ በኋላ ለስላሳ መሬት ላይ በቀስታ ይንዱአቸው፤ ከጎን ይቁሙና እግራቸውን ብቻ ይመልከቱ። ጥሩ ጥጃ ሲራመድ የኋላ እግሩ የፊተኛው ለቅቆት በሄደው ዱካ ላይ ወይም እጅግ ቀርቦ ያርፋል። ጭቃው ያስነብብዎታል። የኋላ እግሩ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ አጭር አጭር የሚረግጠው ጥጃ ዛሬ ቆሞ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ክብደቱ ከ1,200 ፓውንድ ሲያልፍና በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲውል ግን ማነከስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሚያለቅሰው ልጁ ነው። ከእግሩ ቀጥሎ ከኋላ ሆነው ጭኑ ምን ያህል እንደሞላ፣ ከላይ ወገቡ ቀጥ ማለቱን፣ ደረቱ መስፋቱን ይዩ። ፀጉሩን በመጨረሻ ይዩት፤ አዲስ አርቢ ሁሉ የሚጀምረው ከፀጉሩ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። በመጨረሻም ጠባዩን ይፈትኑ። ሰው ሲገባበት ጆሮውን አቁሞ የሚያይዎ ጥጃ ይገራል፤ ራሱን ቀና አድርጎ የአጥሩን ክፍተት የሚፈልገውን ለገበያ ይስጡት። ምርጫውን ብቻዎን አያድርጉት፤ አርቢ በራሱ ጥጃ ላይ እንደ ወላጅ ነው፣ ጉድለቱ አይታየውም። የካውንቲውን የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ሌላ ከብት የሚያረባ ሰው ቡና አፍልተው ይጥሩና «የትኛውን ትተዋለህ?» ብለው ይጠይቁት። «የትኛው ጥሩ ነው?» ካሉት በይሉኝታ ሁሉንም ያደንቅልዎታል።

ሾርትሆርንና ሜይን-አንጁ የሚሉትን ስሞች አብረው ሳያቸው ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። በእነዚህ ዝርያዎችና በዲቃላዎቻቸው ውስጥ የሚዘዋወሩ ሁለት የዘር እንከኖች አሉ። አንደኛው በአርቢዎች ዘንድ ቲ-ኤች ይባላል፤ ጥጃው የኋላ እግሮቹ ተጣምመው፣ የቅልጥሙ አጥንት ሳይሠራ፣ ብዙ ጊዜም ሆዱ ተሸንቁሮ ይወለዳል፤ አይቆምም። ሁለተኛው ፒ-ኤች-ኤ ነው፤ የጥጃው ሳንባ አያድግም፣ ሰውነቱ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፣ ሞቶ ይወለዳል፤ ከእብጠቱ የተነሣ ላሟ በቀዶ ሕክምና ካልተገላገለች ልትሞት ትችላለች። ሁለቱም የሚገለጡት ጥጃው እንከኑን ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ነው። ተሸካሚ ኮርማ (ራሱ ሳይታመም እንከኑን በደሙ የያዘ) ከተሸካሚ ላም ጋር ሲገናኝ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል የታመመ ጥጃ ይወለዳል። ላሟ ንጹሕ ከሆነች የታመመ አይወለድም፤ ግን እያንዳንዱ ጥጃ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነው።

ይህን ያህል ከታወቀ ለምን አልጠፋም ይሉ ይሆናል። በትርኢት ከብት አርቢዎች ዘንድ ተሸካሚዎቹ ፀጉራቸው የተንዠረገገ፣ አጥንታቸው የወፈረ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሆን ብለው የሚያስቀሩዋቸው አሉ። ሰንጋው ስለማይወልድ ተሸካሚ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። ጊደሯ ግን ትወልዳለች፤ ልጅቷ ከሦስት ዓመት በኋላ በሌሊት በረት ውስጥ ያበጠ ሬሳ ስትጎትት የሚነሣው የእርስዎ ስም ነው። ስለዚህ የኮርማውን ውጤት አባለዘሩን ከሸጠው ድርጅት ዝርዝር ላይ ያንብቡ፤ እንከኑ ከእናትም ስለሚወረስ ኮርማው ተሸካሚ ሆነም አልሆነም ሦስቱን ሴት ጥጃዎችና ዘጠኙን ላሞች ያስመርምሩ። ከጭራው ጫፍ ከነሥሩ የተነቀለ ፀጉር በዝርያው ማኅበር በኩል ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ከባድ ነገር የለውም። ውጤቱን ገዢው ሳይጠይቅዎ በማስታወቂያው ላይ ይጻፉት፤ «ተሸካሚ ናት» ከሆነም እንዲሁ ይጻፉት። ተሸካሚ መሆኗን ጽፎ የሸጠ አርቢ ሲወቀስ አልሰማሁም።

ወደ ቀን መቁጠሪያው እንለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። የግዛቲቱ ታላቅ ትርኢት ከሐምሌ ማብቂያ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ በኮለምበስ ይደረጋል። የካውንቲዎቹ በሰኔ ይጀምሩና በጥቅምት በላንካስተር በሚካሄደው የፌርፊልድ ካውንቲ ትርኢት ይዘጋሉ። አሁን እርሳስ ይያዙ። የመጋቢት ጥጃዎ በጥቅምት 31 600 ፓውንድ ይመዝናል እንበል። 1,350 ፓውንድ ሲደርስ በቅቷል ብንል የሚቀረው 750 ነው። በቀን 2.75 ፓውንድ ቢጨምር 273 ቀን ይፈጅበታል። ከጥቅምት 31 ተነሥተው 273 ቀን ሲቆጥሩ የሚያርፉት ሐምሌ 31 ላይ ነው። ያ ጥጃ ለግዛቲቱ ትርኢት የተሰፋ ልብስ ነው። ያንኑ ጥጃ በሰኔ ለሚያቀርብ ልጅ ቢሸጡት ገና ሳይሞላ ይቀርብበታል፤ ለጥቅምት ለሚያቀርብ ቢሸጡት ስብ ተሸክሞ ያልፍበታል። የሚያዝያ ማብቂያው ጥጃዎ፣ ቀለል ያለው፣ ለላንካስተሩ ልጅ የተሻለ ነው።

እንግዲህ በእያንዳንዱ ጥጃ መግለጫ ላይ የተወለደበትን ቀን፣ የዛሬውን ክብደትና «ለዚህ ወር ትርኢት ይመጥናል» የሚለውን ይጻፉ። ይህን የሚያደርግ ሻጭ ጥቂት ነው። ከብት አሳድጎ የማያውቅ አባት ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ አስረድተውት ከሆነ ሌላ ቦታ ሄዶ ሲገዛም እርስዎን ይደውልልዎታል፤ በዓመቱ ደግሞ ራሱ ይመጣል። የእያንዳንዱ ካውንቲ የባለቤትነት ቀነ ገደብ (ልጁ ጥጃውን እስከዚያ የራሱ ማድረግ ያለበት ቀን) እና የመጀመሪያ ሚዛን ቀን የተለያየ ስለሆነ ከኤክስቴንሽን ቢሮው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የተሸጠ ጥጃ ለልጁ ምንም አይጠቅመውም።

አሁን የማፍርበትን ልንገርዎ። ማርባት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ዳማ መልክ ያላት አንዲት ጊደር ነበረችኝ፤ እስከ ዛሬ ካረባኋቸው ሁሉ ከቆንጆዎቹ አንዷ ናት። አልተገራችም ነበር። ጊዜ አጠረኝ፣ ገዢዋም ቸኮለች፣ እኔም «ልጅቷ ትገራታለች፤ የፎር-ኤች ትምህርቱ ይኸው አይደል?» ብዬ ራሴን አታለልኩ። ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነበር። በካውንቲው ትርኢት ላይ የአንድ በር መዘጋት ድምፅ ጊደሯን አስደነበራት፤ ልጅቷ ገመዱን አልለቅም ብላ የሜዳውን ግማሽ በሰጋቱራ ላይ ተጎተተች። ሜዳው ውስጥ አላለቀሰችም። ከብት የሚታጠብበት ቦታ ሄዳ፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ ቱቦውን ከፍታ ነው ያለቀሰችው። አባቷ አንድ ቃል አልተናገረኝም። በሚቀጥለው መከር እነሱም፣ የአጎቷ ልጆችም ጥጃቸውን ከሌላ ሰው ገዙ። ጊደሯ በዝርያዋ አንደኛ ወጥታ ነበር፤ ማንም አላስታወሰውም።

ስለዚህ ጥጃው ከጡት ከወጣና ጩኸቱ ከበረደለት በኋላ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለመግራት ይመድቡ። የራስ ማሰሪያውን አድርገው ገመዱን እየጎተተ ጥቂት ቀን ይዋል፤ ገመዱን ራሱ እየረገጠ መቆምን ይማራል። ከዚያ በጠንካራ ምሰሶ ላይ ከራሱ ቁመት ዝቅ ሳያደርጉ ለግማሽ ሰዓት አስረው ያቁሙት፤ ትተውት አይሂዱ፣ ብዙ ጥጃ የሚታነቀው ባለቤቱ ለአምስት ደቂቃ ቤት ሲገባ ነው። ብሩሽ፣ ቀጥሎ ወደ ውሃው መምራት፣ ቀጥሎ ሬዲዮና የልጆች ጫጫታ። እኔ ያደግኩት ሰላሌ ነው፤ እዚያ ወይፈን ለቀንበር የሚለምደው ከለመደ በሬ ጎን ተጠምዶ ነው። እዚህም ያልተገራውን ከተገራው አጠገብ ማሰር ሥራውን በግማሽ ያቀልልዎታል። አሜሪካውያን ጎረቤቶቼ ይህን ሳሳያቸው የመጽሐፍ ዕውቀት መስሏቸው ነበር። የሥራው ማለቂያ ምልክቱ ቀላል ነው፦ የማታውቀው ልጅ ገመዱን ይዛ ከበረቱ እስከ መንገዱ ደርሳ ትመለስ።

ገዢ የት ይገኛል? ለሦስት ጥጃ የሚያስፈልግዎ ሦስት ቤተሰብ ነው። ሦስት ሺህ ተከታይ ምን ያደርግልዎታል? ዘንድሮ በካውንቲዎ ትርኢት አንድም ቀን አይቅሩ። ሌላው ሰው ሽልማት የወሰደውን ልጅ ሲከብ እርስዎ «የአቀራረብ ውድድር» የሚባለውን ይከታተሉ፤ እዚያ የሚዳኘው ከብቱ ሳይሆን የልጁ አያያዝ ነው። ከብቱ ደካማ ሆኖ ሳለ ያጠበው፣ ያበጠረው፣ ዓይኑን ከዳኛው ያልነቀለ ልጅ ያያሉ። ደንበኛዎ እሱ ነው። የተሻለ ጥጃ ቢያገኝ ምን እንደሚሠራበት አሳይቶዎታል፤ ቤተሰቡም ከብቱ የጎደለው ምን እንደሆነ ከዳኛው አፍ ሰምቷል። ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ልጁ ውሃ ሲያጠጣ፣ ቀርበው አያያዙን ያመስግኑ። ከብቱን አይንቀፉ፤ ልጁ ይወደዋል። ስልክ ቁጥርዎን ሰጥተው ይሂዱ። የፎር-ኤች በጎ ፈቃድ መሪዎችን፣ የትምህርት ቤቱን የግብርና መምህር፣ የእንስሳት ሐኪምዎንና መኖ የሚሸጥልዎን ሰው አይርሱ፤ «ጥጃ የት ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ዘንድ ነው። በሚዛን ቀን ከብት ለመንዳት እጅዎን ያውሱ። ከኅዳር እስከ ጸደይ የኦሃዮ የከብት አርቢዎች ማኅበር ለልጆች የሚያዘጋጀው ቤስት የተባለ ተከታታይ ውድድር አለ፤ በመጋቢትም በኮለምበስ የኦሃዮ ቢፍ ኤክስፖ የተባለ የሥጋ ከብት ትርኢት አለ። በመጀመሪያው ዓመት ለማየት ብቻ ይሂዱ።

ስለ ስማችሁ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም አልፌበታለሁ፤ በድምፅ ማጉያ ስሜ ሲሰበር ልጆቼ የሚሳቀቁበት ዘመን ነበር። መዝገብ ያለው ከብት ስም በአርቢው መለያ ቃል ይጀምራል፤ ያ ቃል በጊደሯ ወረቀት ላይ፣ በትርኢቱ መጽሔት ላይ፣ ኋላም የእናትነት ስም ሆኖ በልጆቿ ወረቀት ላይ ይኖራል። ስለዚህ የሾርትሆርኖቹን ሴት ጥጃዎች ከማስመዝገብዎ በፊት መለያዎን ይምረጡ። አጭር ይሁን፣ ሲሰማ የሚጻፍ ይሁን፤ አማርኛ ቢሆን ግን ለምን አይሆንም? «አባይ» በእነሱ ፊደል አራት ሆሄ ነው፤ አንዳንዱ «አቢ» ቢለው ምን ይደረግ። ከሦስቱ ጥጃዎች አንዷ መዝገብ ያላት ጊደር ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ሰንጋው በነሐሴ ታርዶ ያልቃል፣ እሷ ግን ስምዎን አሥር ዓመት ተሸክማ ትዞራለች። ከጥቋቁሮቹ የተወለዱትም እንደ ደማቸው መጠን በሜይን-ቴይነር ወይም በሾርትሆርን ፕላስ በሚባሉት የዲቃላዎች መዝገቦች ሊገቡ ይችሉ ይሆናል፤ የእናቶቹ ወረቀት ካለ ማኅበሮቹን ይጠይቁ።

ፎቶግራፉ። ጥጃው ታጥቦ ይድረቅ፤ አጭር ሣር ላይ ይቁም፤ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ትንሽ ከፍ ባለ መሬት ላይ ይሁኑ። ፀሐይዋ ከጀርባዎ ትሁን፤ እርስዎ ይንበርከኩ፣ ካሜራው በጥጃው ሆድ ትክክል ይሁን። ቆመው ካነሡት እግሩ አጥሮ ጀርባው ተንጋዶ ይወጣል፤ የመጋቢት ጥጃ ውሻ ሲመስል አይቻለሁ። ከፎቶግራፉ ይልቅ ቪዲዮው ይሸጣል፦ ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ የሚራመድበት አንድ ደቂቃ፣ ያለ ሙዚቃ። ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ማሳመር የሚሉትን ነገር ግን አይንኩት። ገዢው በረት ሲደርስ ልዩነቱን በመጀመሪያው እይታ ያውቀዋል።

ዋጋን በተመለከተ ከታች ወደ ላይ ይቁጠሩ። ለምሳሌ የ600 ፓውንድ ጥጃ በተራው ገበያ በፓውንድ 3 ዶላር ቢያወጣ 1,800 ዶላር ነው። ለክትባቱ፣ ለምርመራው፣ ከጡት ካወጡት በኋላ ለበላው መኖ 250 ይጨምሩ፤ 2,050 መሬትዎ ነው፣ ከዚያ በታች ከሄደ ተራው ገበያ ይሻልዎታል። ከዚያ በላይ ያለው የጥጃው ጥራትና የእርስዎ ስም ዋጋ ነው፤ ስም ገና የለዎትም። እኔ ብሆን ዘንድሮ ለጥሩ ጥጃ ከ2,500 እስከ 3,500 ባለው ውስጥ እቆማለሁ። በዚህ ዋጋ ልጁ በካውንቲው ጨረታ ሲሸጠው መኖውን ችሎ ላይከስር ይችላል፤ ያ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። አንድ የአገራችን ልማድ ግን በረቱ በር ላይ ይቅር፦ ሊወርዱ አስበው አይስቀሉ። ዋጋውን ጽፈው ይለጥፉ፣ ለሁሉም አንድ ይሁን። በፎር-ኤች ቤተሰቦች መካከል ምሥጢር የለም፤ ለአንዱ 300 ዶላር ቀንሰው እንደሆነ ሌላው እስከ እሑድ ይሰማዋል።

የኢንተርኔት ጨረታው ክፉ ሆኖ አይደለም የከለከልኩዎ። መቶ ጥጃ በሚቀርብበት ገጽ ላይ ገዢ የሚከፍተው የሚያውቀውን ስም ነው፤ እርስዎ ኮሚሽን ከፍለው መጨረሻ ላይ ተራውን ዋጋ ያገኛሉ፣ ያ ዝቅተኛ ዋጋም ስምዎ አጠገብ ተጽፎ ይቀራል። ገዢዎችዎ ከጥጃዎችዎ ሲበዙ፣ ምናልባት በሦስተኛው ዓመት፣ በግጦሹ ላይ አንድ ቅዳሜ ቀጥረው በእያንዳንዱ ጥጃ ስም መነሻ ዋጋ ያለው ወረቀት ሰቅለው በጽሑፍ ማጫረት ይችላሉ። አሁን በቀጠሮ፣ አንድ በአንድ ይሽጡ። ገንዘቡ ሳይገባ ጥጃው ተጎታች ላይ አይውጣ። ለጊደር መውለድ የምትችል መሆኗን በጽሑፍ ዋስትና ይስጡ።

ወረቀት አሰልቺ ነው፣ ግን በኦሃዮ ቀልድ የለበትም። በ1994 በግዛቲቱ ትርኢት ለሽልማት ከበቁት ከብቶች መካከል ክሌንቡተሮል የተባለ የተከለከለ መድኃኒት የተሰጣቸውና ሰውነታቸው የሞላ እንዲመስል ዘይት የተወጉ ተገኝተው ትልቅ ቅሌት ሆነ፤ ዛሬ ልጆቹ ለእርድ የሚቀርብ ከብታቸው ምን መድኃኒት እንደወሰደ በቅጽ የሚያሳውቁት እንዲህ ካለው ታሪክ በኋላ ነው። ስለዚህ የሰጡትን ክትባትና መድኃኒት ሁሉ ከነቀኑ ጽፈው ከጥጃው ጋር ያስረክቡ። ወንዶቹ ገዢ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብለው ይኮላሹ፤ ቁስሉ ይድረቅ። ጡት ከጣሉ ቢያንስ 45 ቀን ይሙላቸው፤ የመተንፈሻ በሽታ ክትባቱን ሁለት ጊዜ ይውሰዱ። ጭርት ወይም ኪንታሮት ካለባቸው ይታከሙ እንጂ በፀጉር አይሸፈኑ፤ ትርኢቱ በር ላይ ሐኪሙ ይመልሳቸዋል። ከኅዳር 5 ቀን 2024 ጀምሮ ለትርኢት ከግዛት ወደ ግዛት የሚሻገር ከብት፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ በኤሌክትሮኒክ የሚነበብ የጆሮ መለያ ሊኖረው ይገባል። ገዢው ከኢንዲያና ወይም ከኬንታኪ ሊመጣ ስለሚችል እርስዎው አስቀድመው ያድርጉላቸው።

የቀሩት አምስት ጥጃዎች ግን ያላሰቡበት ገበያ አላቸው። በኮለምበስ ስንት ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አለ? ስንቱስ ለገና ቅርጫ ይናፍቃል? ወንዶቹን አስቀርተው ቢያደልቡ የመጋቢት ጥጃ በሁለተኛው ገና 21 ወር ይሞላዋል፤ ለእርድ የበቃ ሰንጋ ነው። እዚህ አገር ሰው ከብት በግማሽና በሩብ ተካፍሎ መግዛቱ የተለመደ ስለሆነ ቅርጫን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሕጉ የሚለው፣ ከብቱ ከመታረዱ በፊት ድርሻው ለባለድርሻዎቹ ተሽጦ ይለቅ፤ ለባለቤቱ ብቻ በሚያርድ ቄራ የተዘጋጀ ሥጋ «ለሽያጭ ያልሆነ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ መልሶ መሸጥ አይቻልም። የትርኢት ጥጃው ስም እስኪያወጣልዎ ድረስ የመኖውን ሒሳብ የሚከፍልልዎ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ለዚህ ደግሞ ስምዎን መጥራት የሚቸግረው ደንበኛ የለም።

አንድ ነገር ሳልጠይቅዎ እንዳላልፍ። ዘጠኝ ላሞች አሉን ብለዋል፤ የተወለዱት ጥጃዎች ስምንት ናቸው። ዘጠነኛዋ ምን ሆነች? ሳታረግዝ ቀርታ ከሆነ ምንም አይደለም፤ በሚቀጥለው ዙር ትይዝ ይሆናል። የሞተና ያበጠ ጥጃ ወልዳ ከነበረ ግን ሌላ ነገር ከመሥራትዎ በፊት የእሷን ፀጉር ወደ ላቦራቶሪ ይላኩ፤ ለመጪው ዓመት የገዙት የዚያው ኮርማ አባለዘር ካለም ውጤቱ እስኪመጣ በማቀዝቀዣው ውስጥ ይቆይ።